ደም ማቅጠኛ እየወሰደ ፕሬድኒሶሎኑ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው ከዚሁ ከሀዋሳ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ አፉ ይቆስላል፣ ይድናል፣ ተመልሶ ይቆስላል። ምች ነው እያልን ዳማከሴ ስናሸው ኖርን። ከሁለት ወር በፊት ሆዱ ተነፋ፣ ቀኝ ጎኑን ያመው ጀመር። መጀመሪያ ቢልሃርዚያ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የጉበት ቫይረስ ተባለ፣ ሁለቱም ሲመረመር ነፃ ሆነ። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ላይ የጉበቱ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል ተባለና ደም ማቅጠኛ ጀመረ። አሁን ሌላ ሐኪም በሽታው ቤሼት ይባላል ብሎ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን አዘዘለት፤ የሳንባ ሲቲ ስካንም ጻፈለት። ፋርማሲ የሚሠራው አጎታችን ግን ‹በታመመ ጉበት ላይ ይሄን ሁሉ? የሰውነት መከላከያውን አውርደው ሊጨርሱት ነው› አለን። መድኃኒቱ ተገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ደም ማቅጠኛው ብቻ አይበቃም ወይ? ሆዱን ለሚያመው ሰው የሳንባ ሲቲ ምን ያደርጋል? ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር፣ እሱስ እንዴት ይሁን?»

እህቴ፣ መልሱን መጀመሪያ ልስጥሽ። አይበቃም። በሽታው በእርግጥ ቤሼት ከሆነ ዋናው መድኃኒት ቁም ሳጥን ላይ ያለው ነው፣ ደም ማቅጠኛው አጋዥ ነው። አጎታችሁ የፈሩትም ከመሬት ተነስተው አይደለም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። እኔ ወንድምሽን አልመረመርኩትም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሐኪሙን ስታገኙት የምትጠይቁትን እንድታውቂ ነው እንጂ የሱን ቦታ ልተካ አይደለም። ብቻ መድኃኒቱን ሳትጀምሩ ወሩ እንዳያልፍ። በዚህ ሳምንት ይዛችሁት ተመለሱ።

አሁን ጉበቱ ምን ሆነ የሚለውን እንይ። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። አንዱ ከልብ የሚመጣው ደም ቅዳ ነው። ሌላው ከአንጀትና ከጣፊያ ደም ሰብስቦ የሚያመጣው ፖርታል ቬን የሚባለው ትልቅ ደም ሥር ነው፤ ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው ገደማ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው። ሁለቱ ሲደመሩ በደቂቃ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ደም ይሆናል። ይህ ሁሉ ደም መውጫው ግን ሦስት ደም መልሶች ናቸው። ሦስቱም ልብ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ከእግርና ከሆድ ደም ይዞ ወደ ላይ በሚወጣው ትልቁ ደም መልስ ውስጥ ይፈስሳሉ። በክረምት ቱቦው የተደፈነ ሰፈር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ዝናቡ አላቆመም፣ መውጫው ግን ዝግ ነው። ጉበቱ ደም ያቁርና ያብጣል። ሽፋኑ ሲወጠር ቀኝ ጎኑን ያመዋል። ከዚያ ከጉበቱ ላይ ፈሳሽ እየወጣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ «ሆዱ ውሃ ቋጠረ» የምንለው ይሄ ነው። በሕክምናው ባድ ኪያሪ ሲንድረም ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1845 ስለ ችግሩ በጻፈው በእንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ባድና በ1899 ሰፋ አድርጎ በገለጸው በኦስትሪያዊው ሃንስ ኪያሪ ስም ነው።

መጀመሪያ ቢልሃርዚያ ያሏችሁን ሐኪሞች አትቀየሟቸው። ሀይቁ ዳር ተጫውቶ ያደገ ወጣት ሆዱ ተነፍቶ ሲመጣ ቢልሃርዚያ ሳይታሰብ አይታለፍም፤ ሄፓታይተስ ቢም አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፣ የሆድ ዕቃ ቲቢም እንደዚሁ። ነገሩ የሚለየው ችግሩ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ቢልሃርዚያ የሚያስቸግረው ወደ ጉበት በሚገባው በኩል ነው፣ የወንድምሽ ችግር ደግሞ መውጫው ላይ ነው። ይህን ለመለየት ከሆዱ የተቀዳው ውሃ ራሱ ብዙ ይናገራል። የደሙ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው) ከውሃው አልቡሚን በ1.1 ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ በልጦ፣ የውሃው ፕሮቲን ደግሞ ከ2.5 በላይ ከሆነ፣ ሐሳብሽ ወደ ልብ ወይም ወደ ጉበቱ መውጫ መሄድ አለበት። ጉበት ጠንክሮ (ሲሮሲስ ሆኖ) የመጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ነው፣ የቲቢ ውሃ ደግሞ የአልቡሚን ልዩነቱ ከ1.1 በታች ይሆናል። ውሃ ተቀድቶ ከነበረ የውጤቱን ወረቀት ፈልጋችሁ ያዙ፣ አይጣል።

አልጋው አጠገብ ቆሞ በእጅ የሚታይ ነገርም አለ፣ እኔ በበኩሌ እሱን ሳላይ ወደ አልትራሳውንድ አልልክም። ታማሚውን በግማሽ አስተኝቼ ቀኝ ጎኑን፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በመዳፌ ጫን አድርጌ እይዛለሁ፤ ዓይኔ አንገቱ ላይ ነው። ልቡ ደክሞ ጉበቱ ያበጠበት ሰው ሲሆን የአንገቱ ደም ሥር ወዲያው ወደ ላይ ገንፈል ይላል። መውጫው የተዘጋበት ሰው ግን የቱንም ያህል ብጫነው አንገቱ ንቅንቅ አይልም፤ ደሙ ከጉበቱ መውጣት አልቻለማ። ቀጥሎ አስነስቼ ጀርባውን አያለሁ። ሆዱ ላይ፣ ጎኑ ላይና ጀርባው ላይ የተጋደሙ ወፋፍራም ደም ሥሮች ካሉ፣ አንዱን በሁለት ጣት ጨምቄ ባዶ አደርገውና አንዱን ጣት እለቃለሁ፤ ከእምብርት በታች ያለውም ጭምር ከታች ወደ ላይ ከሞላ ትልቁ ደም መልስም ተዘግቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። በቤሼት ይሄኛው ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ እግሩም የሚያብጠው ለዚህ ነው። ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ጀርባውን እዪለት። ደም ሥሮች ከታዩሽ ለሐኪሙ ንገሪው።

አሁን ስለ ቤሼት። ስሙ የቱርካዊው የቆዳ ሐኪም የሁሉሲ ቤሼት ነው፤ የአፍ ቁስል፣ የብልት ቁስልና የዓይን መቆጣት አንድ ላይ የሚመጡ የአንድ በሽታ መልኮች ናቸው ብሎ በ1937 እ.ኤ.አ. የጻፈው እሱ ነው። በሽታው በጥንቱ የሐር ንግድ መንገድ ላይ ባሉ አገሮች በብዛት ይታያል፣ ከሁሉም በላይ ቱርክ ውስጥ። እኛ ጋ እምብዛም አይታሰብም፣ ስለማይታሰብም አይገኝም። የሰውነት መከላከያው የራሱን ደም ሥሮች ያስቆጣቸዋል፤ ትንሽ ትልቅ፣ ደም ቅዳ ደም መልስ አይመርጥም። ከሚነካቸው ብዙ ነገሮች ውስጥ የጉበት ደም መልስ መዘጋት ጥቂቱን ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ሲያገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንዶችን ነው፣ ከበሽታው ችግሮች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም።

የአፉ ቁስል ምች አልነበረም። ምች የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከንፈር ዳር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚፈነዳው ነው፣ ቫይረስ ነው የሚያመጣው። የቤሼቱ ቁስል አፍ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ጉንጭ ውስጥ፣ ምላስ ላይ፣ ድድ ላይ፣ ክብ ሆኖ መሃሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ፣ በርበሬ ሲነካው ዓይን የሚያስፈጥጥ። በእርግጥ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው ሁሉ ቤሼት አለበት ማለት አይደለም፣ አብዛኛው የለበትም። ሐኪሙ የሚያየው የነገሮቹን መገጣጠም ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነጥብ ይሰጣል፦ የአፍ ቁስል 2፣ የብልት ቁስል 2፣ የዓይን መቆጣት 2፣ ከዚያ የቆዳ ምልክት፣ የነርቭ ችግር፣ የደም ሥር ችግርና የመርፌ ምርመራው እያንዳንዳቸው 1። 4 ከሞላ ቤሼት ይባላል። ወንድምሽ የአፉ 2 እና የደም ሥሩ 1 አለው፣ ስለዚህ ሌላ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ወይም እሱን ጠይቂው፤ አንቺ ካፈርሽ ወንድ ዘመድ ይጠይቀው። ብልቱ ላይ ቁስል ወጥቶበት ያውቃል? አብዛኞቹ ወጣቶች ይሄን አይናገሩም። የአባላዘር በሽታ ነው ብለው ደብቀው፣ ከፋርማሲ ያለ ወረቀት መርፌ ተወግተው ዝም ይላሉ። ጠባሳ ትቶ ስለሚድን ሐኪም ካየው ዛሬም ይታያል። ሌላው መርፌው ነው። በቤሼት ቆዳው ራሱ በቀላሉ ይቆጣል፤ መርፌ በተወጋበት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ቀይ እብጠት ወይም መግል የያዘች ትንሽ ቡግር ትወጣለች። ግሉኮስ የተሰካበት ቦታ «መግል ያዘ፣ ነርሷ አቆሰለችው» ያላችሁበት ጊዜ ካለ ነርሷ ላታጠፋ ትችላለች። ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን ፈርቶ፣ እይታው ደብዝዞ ከነበረም ተናገሩ፤ ይሄኛው በጊዜው ካልታከመ ያሳውራል።

ሐኪሙ ግን ቤሼት ነው ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም። የጉበት ደም መልስ የሚዘጋበት ሌላም ምክንያት ብዙ ነው። መቅኒ ደም ከሚገባው በላይ ሲያመርት (ጃክ 2 የሚባል የዘረመል ምርመራ አለው)፣ ደም የሚያረጉ ፀረ እንግዳ አካላት ሲኖሩ፣ በውርስ የመጣ የመርጋት ዝንባሌ ሲኖር፣ ሴት ከሆነች ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ስትወስድ፣ የጉበት ካንሰር ወይም ትልቅ ሲስት ደም ሥሩን ሲጫነው። አጎታችሁ መቼም «በትግራይ በአረም ዘር ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ነበሩ» ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከእህል ጋር ከሚቀላቀል አረም መርዝ ጋር የተያያዘ የጉበት በሽታ ነበር። ግን እሱ ጉበት ውስጥ ያሉትን ረቂቅ መተላለፊያዎች ነው የሚጎዳው። ዶፕለር የሚባለው የደም ፍሰት የሚያሳይ አልትራሳውንድ ትልልቆቹ ደም መልሶች መዘጋታቸውን ካሳየ ነገሩ ሌላ ነው። ጫትም ካስጨነቀሽ፣ ጉበት ይጎዳል የሚባለው ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው፣ ቢተው ደስ ይለኛል፣ ይሄን መርጋት ያመጣው ግን ጫት ነው አልልም።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሌላ ሰው እግሩ ላይ ደም ሲረጋበት፣ ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ተኝቶ፣ ችግሩ በአብዛኛው ደሙ ላይ ነው፤ ማቅጠኛ ይሰጠዋል፣ ነገሩ ያልቃል። በቤሼት ችግሩ የሚጀምረው ከደም ሥሩ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ተቆጥቶ ያብጣል፣ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ተሰብስበው ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን ራሱን ይለውጡታል፣ የተሠራው የረጋ ደምም በቀላሉ አይሟሟም። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀመጥም ተነቅሎ ወደ ሳንባ የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ግድግዳው እየተቆጣ ደሙን ብቻ ብታቀጥኚው ምን ይሆናል? ዛሬ አንዱ ቢከፈት ነገ ሌላው ይዘጋል። ይሄ የኔ ግምት አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ 807 የቤሼት ታማሚዎችን ያየ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፤ ከነሱ 296ቱ ደም ረግቶባቸው ነበር፤ የመከላከያ ማረጋጊያ መድኃኒት የወሰዱት ላይ የመርጋቱ ተመልሶ መምጣት በግልጽ ቀንሷል። በ2018 የወጣው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል የመቆጣት በሽታዎች ሕክምና) ማኅበር መመሪያም በቤሼት ደም መልስ ሲረጋ ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎን አንዱ ነው) እና እንደ አዛታዮፕሪን ያለ መድኃኒት ይሰጥ ነው የሚለው፤ ደም ማቅጠኛ ሊጨመር ይችላል ይልና ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል።

ቅድመ ሁኔታው ነው የሳንባው ሲቲ። ቤሼት አንዳንድ ጊዜ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ቅዳ ግድግዳ አላልቶ እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ደም መልሱ የረጋበት ወጣት ወንድ ላይ ደግሞ ይሄ ይበልጥ ይጠረጠራል። እንዲህ ያለ ሰው ደም ማቅጠኛ ላይ እያለ ያ ፊኛ ቢፈነዳ በሳል ደም ሲያወጣ ደቂቃዎች ናቸው ያሉት። ወንድምሽ ማቅጠኛውን የጀመረው ከሲቲው በፊት ነው፣ ስለዚህ ሲቲው ለሌላ ጊዜ የሚባል አይደለም። በደም ሥር የሚሰጥ የሚያበራ መድኃኒት (ኮንትራስት) ያለበት መሆን አለበት፣ አለዚያ ደም ቅዳው በደንብ አይታይም። ለዚያ የኩላሊቱ ምርመራ ቀድሞ ይታይ። እስከዚያ ግን ማቅጠኛውን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሐኪሙን አስወስኑት። በምራቁ ውስጥ የደም ጭረት እንኳ ካየ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

አሁን የአጎታችሁ ጉዳይ። «ፕሬድኒሶሎን ጉበት ያበላሻል» የሚለው ትክክል አይደለም። እንዲያውም ፕሬድኒሶን የሚባለው ዘመዱ ነው ሥራ ለመጀመር ጉበት የሚያስፈልገው፤ ፕሬድኒሶሎን ያለዚያም ይሠራል፣ ለዚህ ነው ለጉበት ታማሚ የሚመረጠው። አዛታዮፕሪን ግን በጥቂት ሰው ላይ ጉበት ሊያስቆጣና የደም ሴሎችን ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ በየጊዜው የደምና የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ከሱ ጋር ከተወሰደ መቅኒውን ያደርቀዋል፤ ፋርማሲ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ይሄን እሳቸው ይጠብቁላችሁ። አዛታዮፕሪን በደንብ ለመሥራት ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል፣ እስከዚያ እሳቱን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም አብረው የታዘዙት።

አጎታችሁ ልክ የሆኑበት ግን አለ። መከላከያው ዝቅ ሲል ተኝቶ የነበረ በሽታ ይነሳል። እኛ አገር ላይ በመጀመሪያ የማስበው ቲቢ ነው፤ የደረት ራጅ ይነሳ፣ ሳልና የሌሊት ላብ ይጠየቅ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ነፃ ነው ብላችኋል፣ ጥሩ፣ ግን ድሮ ይዞት የሄደ መሆኑን የሚያሳየው ኮር አንቲቦዲ የሚባለው ምርመራም ይታይ፤ የተደበቀ ቫይረስ በዚህ መድኃኒት ሊቀሰቀስ ይችላል፣ መከላከያ መድኃኒት ግን አለው። ኤችአይቪ ይታይ። ሌላው ሰው የሚረሳው ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ነው፤ በባዶ እግር አፈር የረገጠ ሰው ላይ ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና ስቴሮይድ ሲጀመር ሰውነት ውስጥ ይበተናል፣ ይገድላል። በአይቨርሜክቲን ይታከማል። ስኳርና የደም ግፊትም መለካት አለባቸው። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ነው፤ መድኃኒቱን ላለመስጠት ሳይሆን ያለ አደጋ ለመስጠት ነው። ፕሬድኒሶሎኑን ከጀመረ በኋላ ደግሞ «ተሻለኝ» ብሎ በአንድ ቀን ማቆም የለም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚያወርደው።

ሐኪሙ አይቶ «ከባድ ነው» ካለ ከአዛታዮፕሪን ይልቅ በወር አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ሳይክሎፎስፋማይድ ሊመርጥ ይችላል፣ በሱ የማይመለስ ከሆነ ኢንፍሊክሲማብን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ ማግኘቱም ቀላል አይደለም። የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ጥቁር አንበሳ ተጽፎላችሁ ዕቅዱን እዚያ አውጥታችሁ ክትትሉን እዚህ ሪፈራል ብትቀጥሉ እመርጣለሁ። በየወሩ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ቀን ያህል፣ ውሃ የቋጠረ ሆድ ይዞ መመላለስ አያስፈልገውም።

ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከሆነ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው አይኤንአር የሚባለው ቁጥር ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን አይብላ ይሏችኋል፤ አይደለም፣ ይብላ፣ ግን ሳምንቱን እኩል እኩል። ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን፣ ፋሲካ ሲሆን ጭራሽ የለም፣ እሱ ነው ቁጥሩን የሚያዘባርቀው። ራሱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይውጥ፣ መቀመጫው ላይም መርፌ እንዳይወጋ። የቲቢ መድኃኒት (ሪፋምፒሲን) ከተጀመረለት ዋርፋሪኑ ያለ ቁጥጥር ከንቱ ይሆናል። ባጃጅ ይነዳል ብለሻል፤ ጭንቅላቱን ከተመታ ቁስል ባይኖርም፣ ደህና ነኝ ቢልም ሆስፒታል። ጉሮሮው ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች አብጠው እንደሆነ ለማየትም ኢንዶስኮፒ ይደረግለት፤ ካበጡ በላስቲክ ይታሰራሉ ወይም ፕሮፕራኖሎል ይሰጠዋል። ደም ካስመለሰ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት መቃዠት ከጀመረ፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ፣ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ጨው። የሆዱ ውሃ የሚመለሰው በጨው ነው። የቤታችሁ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ «ወጡ ላይ ጨው አልጨመርኩም» ማለት አያድንም፤ ለሱ ለብቻ ይዘጋጅ። ቆጮ ይብላ፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣም ይብላ፣ ግን ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ፤ ጥሬ ዓሣው ይቅርበት፣ መከላከያው ዝቅ ሊል ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ሽንት የሚያስወጣው ክኒን ጥሩ ነው፣ ጨዉ ካልቀነሰ ግን ብቻውን አይችለውም። ጠበል ይሄዳል ካላችሁ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ ጠዋት ጠዋት በሊትር መጠጣቱ ግን ይቅር።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ጉበቱ ካልተመለሰ ከጉበቱ ውስጥ ለደሙ አዲስ መንገድ በብረት ቱቦ የሚከፈትበት ሕክምና አለ፣ የመጨረሻው ደግሞ ንቅለ ተከላ ነው። ሁለቱንም ፍለጋ አብዛኛው ሰው ከአገር ይወጣል። ሰው «ህንድ ውሰዱት» ሲላችሁ ቤት ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ መድኃኒቱ ዕድል ይሰጠው፣ የበሽታው እሳት ሳይበርድ የተከፈተ ቱቦም ተመልሶ ይዘጋል። በጊዜ የጀመሩ ሰዎች ውስጥ ሆዳቸው ሟሽቶ ወደ ሥራቸው የተመለሱ አሉ።

ሠርጉ። ቤሼት በምንም መንገድ አይተላለፍም፤ ብልት ላይ ቁስል ቢኖርም ወደ እጮኛው አይሄድም። እርግጠኛ ለመሆን የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ያድርግና ውጤቱን ይዞ እሱ ራሱ ይንገራት፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ከአባት ወደ ልጅም እንደ ቅርስ የሚወርድ አይደለም፣ በዘር የሚመጣ ዝንባሌ ብቻ ነው ያለው። ዋርፋሪን ፅንስ የሚጎዳው እናትየዋ ስትወስደው ነው፣ አዛታዮፕሪንም አባት እንዳይሆን አይከለክለውም። ሳይክሎፎስፋማይድ ግን የዘር ፍሬ ሊያደርቅ ይችላል፤ ሐኪሙ ወደሱ ሊቀይር ካሰበ፣ ከመጀመሩ በፊት «ልጅ እፈልጋለሁ» ማለት ያለበት ወንድምሽ ነው፣ ከጀመረ በኋላ አይጠቅምም። ጥር ይደርሳል አይደርስም ለሚለው፣ የሳንባው ሲቲ፣ ኢንዶስኮፒውና የመጀመሪያው ወር የደም ምርመራ ሳይታይ ድንኳን አትከራዩ። ሦስቱ ደህና ከሆኑ ይዳር፣ ጠጁን ግን አይቅመስ።